በፀሐይ የሚሠራ ጆሮ ይዤ ወደ ግምጃ ቤት

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፤ ደብረ ማርቆስ

አውቶቡሱ አልነሳም ብሏል። ሾፌሩ ቁልፉን ባዞረ ቁጥር ሞተሩ ሁለት ጊዜ ያስልና ዝም ይላል። ጣራው ላይ የበርበሬ ከረጢቶች፣ አንድ የልብስ ስፌት መኪና፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎችና የእኔ ብርድ ልብስ ተጭነዋል። ያልተጫነ ዕቃ ቢኖር ጭኔ ላይ ያቀፍኩት የብስኩት ቆርቆሮ ብቻ ነው። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና ዞረ።

«ጌታው፣ ዕቃ ወደ ላይ ነው።»

«ይሄ አይወጣም።»

«ወርቅ ነው እንዴ?»

«የሚሰበር ነገር ነው።»

«እንቁላል ነዋ!» አለና ወደ ቁልፉ ተመለሰ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተሳፋሪው ሁሉ እንቁላል ታቅፎ የሚሄድ ሰው አድርጎ ያየኝ ጀመር።

እንቁላል አይደለም። ለማታውቁኝ አንባቢዎች፣ እኔ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ሬዲዮ የምጠግን ሰው ነኝ። ቆርቆሮው ውስጥ በጥጥ የተጠቀለሉ አምስት ስስ ነገሮች አሉ። ስፋታቸው ከጢም መላጫ ምላጭ አይበልጥም፤ ጥቁር ሆነው ወደ ሰማያዊ ይመታሉ። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስተማረን አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጠኝ ስጦታ ነው። ሶላር ሴል ይላቸው ነበር። ፀሐይ ሲያርፍባቸው ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ። ብዙ አይሰጡም፤ አምፖል ማብራት አይሞክሩም። አራቱን አከታትላችሁ ብታያይዟቸው የአንዲት የባትሪ ድንጋይ ጉልበት ይሆናሉ፣ እሱም ፀሐይ እስካለች ድረስ። ግን ትራንዚስተር ከመጣ ወዲህ በትንሽ ጉልበት የሚሠራ ዕቃ በዝቷል። እኔም አንዲት ደቃቃ ሬዲዮ በእነዚሁ አሠርቼ ሱቄ ደጃፍ ላይ አስቀምጫት ሰው ሲገረም ከርሟል። አንዳንዱ ባትሪውን የት እንደደበቅኩት ለማየት ጠረጴዛዬ ሥር ገብቶ ፈልጓል።

አሁን የያዝኳቸው ለሬዲዮ አይደለም። ለአባቴ ጆሮ ነው።

አባቴ አቶ ስንሻው ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ወዲህ ባለች መንደር የሚኖር ገበሬ ነው። በአካባቢው የተጣላ ሲኖር፣ ድንበር ሲገፋ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ አስታርቀን ተብሎ የሚጠራ ሽማግሌ ነበር። ነበር ያልኩት ጆሮው ስለደከመ ነው። ካቻምና የሁለት ጎረቤታሞች ጠብ ሲያይ አንደኛው ጮሆ ተናገረ፣ ሌላው ዝግ ብሎ ተናገረ። አባቴ የሰማው የጮኸውን ብቻ ነበር፤ ለሱ ፈረደለት። ኋላ እውነቱ ከዝምተኛው ጋር እንደነበር ሲያውቅ ከሽምግልና ወጣ።

በዚያው ሰሞን እኔ ደግሞ የባሰ አደረግኩ። ለእህቴ ሠርግ ሄጄ፣ ዳሱ ውስጥ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ነግሬው ሦስት ጊዜ «ምን አልክ?» ሲለኝ ትዕግሥቴ አለቀና «አይሰሙም እንዴ!» ብዬ ጮህኩበት። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ አልተቆጣም። ጋቢውን ሰብስቦ ከዳሱ ወጣ። እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኩትም። እንዴት ብዬ ልጠይቀው? ቢሰማኝ ኖሮ መች እጮህ ነበር?

በይቅርታ ፈንታ ዕቃ ላክሁለት። አንድ ጡረተኛ የሸጠልኝ የመስሚያ መሣሪያ ነው፤ የሲጋራ ፓኮ ታህላለች፣ ደረት ላይ ትሰካለች፣ ከሷ የሚወጣ ቀጭን ሽቦ ጆሮ ውስጥ ይገባል። ሠራችለት። ችግሩ የባትሪ ድንጋዩ ነው። መንደራችን የሚደርሰው ድንጋይ ሱቅ ውስጥ ከርሞ ግማሹ ያለቀ ነው፤ ጥቂት ቀን ይሠራና ይሞታል። አባቴ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነበት በኋላ መሣሪያዋን ምሰሶ ላይ ሰቀላት። መስማትን ለምዶ መልሶ መደንቆር ይብሳል ብሎ ነው አሉ።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ያስጻፈችው ደብዳቤ ደረሰኝ። «ባሏ የሞተባት ትጓደድ የባሏ ወንድም መሬቷን ሊወስድባት ነው። ሽማግሌ ጥሪ ስትባል አባትህን ጠራች። አባትህ አልሰማም፣ ደግሞ ሰው አልበድልም ብሎ እምቢ ብሏል። ቀጠሮው እሑድ ነው። የምታደርገው ነገር ካለ ድረስ።»

ሞተሩ ተነሳ። ሰው ሁሉ እልል አለ።

ማክሰኞ፣ ስድስት ሰዓት፤ ቡሬ

መንገዱ ኮረኮንች ነው። ከደምበጫ ወዲህ ጥርሴ ሲገጫጭ ነው የመጣሁት። ከፍኖተ ሰላም አለፍ ብለን ሾፌሩ ለላም ብሎ ፍሬን ሲይዝ ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ወፍራም ነጋዴ ከነክርኑ ቆርቆሮዬ ላይ አረፈ። ይቅርታ ብሎኛል። እኔ ግን ቡሬ እስክንደርስ ላብ አጠመቀኝ።

ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ አዘዝኩና ሳልበላ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ከአምስቱ አንዱ ለሁለት ተሰንጥቋል። እነዚህ ነገሮች ከመስታወት ይብሳሉ፤ ከተሰነጠቁ መጠገን የለም። አራት ቀሩኝ። የሚያስፈልገኝም አራት ነው፤ ሦስቱ ብቻቸውን መሣሪያዋን አያናግሯትም።

ሾፌሩ እጁን እየታጠበ ከአናቴ በላይ አየ።

«ተሰበረ?»

«አንዱ።»

«ግዴለም፣ አራት ጫጩት ይበቃሃል» አለኝ። ሳልወድ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮው በጋቢ ተጠቅልሎ ሾፌሩ ወንበር አጠገብ ተጓዘ። ነጋዴውም ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፤ ቆሰበር

ከጥሊሊ በኋላ አየሩ ይቀየራል። ብርዱ በመስኮት ይገባል፣ ቀርከሃው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ይበዛል፣ ፈረሰኛ ይበዛል። እንጅባራ የሚላት ቢኖርም ለኔ ቆሰበር ናት። አጥሩ ቀርከሃ፣ ወንበሩ ቀርከሃ፣ የዶሮ ቤቱም ቀርከሃ። አንዲት ሴትዮ የተቀቀለ ትኩስ ድንች በአዋዜ ትሸጣለች፤ አምስት ሳንቲም ሰጥቼ እጄን እያሞቅሁ በላሁ። ሰዉ እርስ በርሱ በአገውኛ ያወራል፣ ከነጋዴው ጋር በአማርኛ ይከራከራል። አገውኛውን ስሰማ ትከሻዬ ይወርዳል፤ ለካ ደብረ ማርቆስ ሙሉ ዓመት ትከሻዬን ሰቅዬ ነው የምኖረው።

ሰማዩን አየሁ። ደመና አለ። ከዚህ በፊት ስለ ደመና ተጨንቄ አላውቅም ነበር።

ረቡዕ፣ ጠዋት፤ ወደ መንደራችን

ዘመዶቼ ዘንድ አድሬ ፈረስ ተዋስኩ። ጭጋጉ እስኪነሳ አልጠበቅሁም። ማሳው ታጭዷል፤ ክምሩ በየደጃፉ ቆሟል፤ አውድማ ላይ በሬዎች ይዞራሉ። መንገደኛው ሁሉ ከፈረሱ ሳይወርድ ሰላምታ አይሰጥም፤ እኔም እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ፣ መልሼ እወርዳለሁ። በዚህ አካሄድ ሁለት ሰዓት የሚፈጀው መንገድ አራት ፈጀ።

አባቴ ከቤቱ ኋላ ቀርከሃ ሲቆርጥ አገኘሁት። ከኋላው ስለመጣሁ አልሰማኝም። ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ስሳም ደነገጠ፤ ከዚያ ግንባሬን ሳመኝና ወደ ቤት መራኝ። እንዴት ሰነበትክ አለኝ፤ መልሴን ግን አልጠበቀም። መልስ መጠበቅ ከተወ ቆይቷል።

ማታ እሳት ዳር እናቴ የትጓደድን ነገር አጫወተችኝ። የባሏ ወንድም አያሌው፣ ወንድሜ ሊሞት ሲል ከቤቱ ኋላ ያለውን መሬት አንተ እረሰው ብሎኛል ይላል። ምስክር የለውም። እሷም የላትም። እሱ ድምፁ ከወንዝ ማዶ ይሰማል፤ እሷ ስትናገር ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። መሬቱ ከሄደ ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ ወላጆቿ ከመመለስ ሌላ መንገድ የላትም።

«አባትህን ለምን እንደጠራች ታውቃለህ?» አለችኝ እናቴ። «አሁን አይሰማም፣ ድሮ ግን እስከ መጨረሻው የሚሰማ እሱ ብቻ ነበር አለች።»

አባቴ አፋችንን ያያል። የምናወራው ስለሱ መሆኑን አውቋል።

ሐሙስ፤ ቤት

ጠዋት ሽቦ የምበይድበትን ካውያ እንዲግል ምድጃው ውስጥ ቀበርኩት። አባቴ ስለ ምንነቱ ሳይጠይቅ የመዳፍ ስፋት ያለው የቀርከሃ ሳንቃ ሰንጥቆ፣ ልጎ፣ ለስላሳ አድርጎ ሰጠኝ። አራቱን ሴሎች ደረደርኩ፤ የአንዱን ሆድ ከሌላው ጀርባ ጋር በስስ ሽቦና በቀለጠ የመበየጃ እርሳስ አያያዝኩ። ትንፋሼን ይዤ ነው የሠራሁት። ጫፉ ላይ ከመሣሪያዋ ጋር የሚያገናኝ አንድ ክንድ የሚሆን የስልክ ሽቦ ቀጠልኩ፤ ከዚያ የበለጠ አልነበረኝም።

ሴሎቹን የሚሸፍን መስታወት ያስፈልግ ነበር። በቤቱ ውስጥ ያለው መስታወት ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእኔ የምረቃ ፎቶግራፍ መስታወት ብቻ ነው። አወረድኩት። እናቴ ስታየኝ ዕቃ ከእጇ ወደቀ። አስረዳኋት፤ እሺ አለች። እሺ ስትል ግን ፊቷ እሺ አላለም።

አባቴን ግቢ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። መሣሪያዋን ደረቱ ላይ ሰካሁ፣ ሽቦውን ጆሮው ውስጥ አደረግኩ፣ ሳንቃዋን ትከሻው ላይ አሰርኩ። እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ መስታወቱ የወጣለትን የፎቶ ፍሬም ይዛ ታጉረመርማለች።

«ፎቶው በአቧራ ሊበላ ነው። ይሄ ሽማግሌ ደግሞ ልጁ ካዘዘው ጣራውንም ያፈርሳል።»

አባቴ ዞር አለ።

«ማነው ሽማግሌ?» አላት።

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። አባቴ ግን ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ይሄን ሁሉ ጊዜ ፊቴ ላይ እንዲህ ስትዪኝ ነው የኖርሽ?» አላት። «ከዚህም የባሰ ብዬሃለሁ» አለችና አለቀሰች። ሦስታችንም የምናደርገው ጠፋን።

ከዚያ አባቴ አንገቱን ወዲያና ወዲህ አደረገ።

«ይሄ የሚንሾካሾከው ምንድን ነው?»

«ቀርከሃው ነው አባባ፣ ነፋሱ» አልኩት፣ ዝግ ብዬ።

«ቀርከሃው» አለ። የተከለው እሱ ራሱ ነው።

እንዴት ደስ እንዳለኝ መጻፍ አልችልም። ስንት ሬዲዮ አናግሬአለሁ፤ አንዱም እንዲህ አላደረገኝም። ሳንቃዋ ላይ ጣቴን ሳሳርፍና አንዷን ሴል ስጋርድ ይደነቁራል፤ ጣቴን ሳነሳ ይሰማል። አሳየሁት። ፀሐይ ስታገኝ ትሠራለች አልኩት፤ ጥላ ሲሆን ትሞታለች አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። የገባው መስሎኝ ነበር። ይቅርታዬንም ያን ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ነገ አልኩ።

ማታ ወደ ትጓደድ ሰው ላከ። እሑድ እመጣለሁ በላት አለ።

ዓርብ

እናቴ ገብሱን ግቢ ውስጥ አሰጣች። ሳንቃዋንም ከስጡ ዳር አስቀምጣ ፀሐዩ በዞረ ቁጥር እያዞረቻት ዋለች። እንዴት ብልህ ሴት ናት አልኩ በልቤ። ምን እያደረገች እንደሆነ ያልገባኝ እኔ ነበርኩ፤ እሱን ያወቅሁት እሑድ ነው።

ቅዳሜ፤ አዘና

እህቴ ወልዳ አራስ ናት። ልጠይቃት ወደ አዘና ወረድኩ። ገበያ ውሎ የሚመለሰው ሰው መንገዱን ሞልቶታል፤ ጋሪ ላይ ጤፍ፣ ጋሪ ላይ ማሰሮ፣ ጋሪ ላይ የሰከረ ሰውዬ። እህቴ ገንፎ አበላችኝና ሕፃኑን አሳየችኝ። «አባባ ሰማ የሚሉት እውነት ነው?» አለችኝ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። እዚያው አድሬ ጠዋት በቀጥታ ሽማግሌዎቹ ወደሚሰበሰቡበት ዛፍ ለመሄድ አሰብኩ። ለአባቴ የማስረዳው ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር።

እሑድ፤ ከኮሶው ዛፍ ሥር

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዉ ተሰብስቧል። የሽምግልና ወግ እዚህ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌዎች ጥላው ውስጥ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። የፀሐዩ ሙቀት ነገር ያሳጥራል ይባላል። ሽማግሌ ከጥላው አይወጣም፤ ሌላው ወደ ጥላው አይገባም። አባቴ መካከል ላይ ተቀምጧል፤ ነጭ ጋቢ ለብሷል። እኔ ደርሼ ከሰዉ ኋላ ስቆም አያሌው ይናገር ነበር። ንግግሩ በአገውኛ ነው፤ በአማርኛ የምጽፈው ለአንባቢ ብዬ ነው።

«ወንድሜ በአፉ ነገረኝ!» ይላል። «መሬቱን አንተ እረሰው፣ ልጆቼን አንተ እይ አለኝ! ይሄን ያልሰማ የለም!» ድምፁ ዛፉ ላይ ያሉትን ወፎች አስነስቷል። አባቴ ራሱን ይነቀንቃል። ይህን ለመስማት መሣሪያ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ትጓደድ ቆመች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከስታለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጀመረች። እኔ እንኳ ከቆምኩበት ቃሏ ተቆራርጦ ነው የሚደርሰኝ። አባቴ ወደ ፊት አዘነበለ። መሣሪያዋን ነካ ነካ አደረገ። እንደገና አዘነበለ።

ትከሻውን አየሁ። ሳንቃዋ የለችም። ሽቦው ከደረቱ ወርዶ ጋቢው ውስጥ ይገባል።



ትጓደድ ጨረሰች። ከአባቴ ጎን ያሉት ሽማግሌ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው «ያው ነው፣ አዲስ ነገር አላለችም!» ብለው ጮኹለት።

«እኔ አልሰማኋትም» አለ አባቴ።

ሰዉ አጉረመረመ። አያሌው ፈገግ አለ። «አባ ስንሻው ቢያርፉ ይሻላል፤ ሌላ ሰው ይተካ» አለ፣ ይህን እንኳ ጮሆ። ትጓደድ ወደ መሬት አየች። ያን ጊዜ የአባቴ ፊት በሠርጉ ዳስ ውስጥ ያየሁት ፊት ሆነ።

ሳልጠራ ወደ ሽማግሌ መሄድ ነውር ነው። ሄድኩ። ጥላው ውስጥ ገብቼ ፊቱ ተንበርክኬ እጄን ወደ ጋቢው ሰደድኩና ሳንቃዋን አወጣሁ። በእናቴ ንጹሕ ሻሽ ሦስት ጊዜ ተጠቅልላለች። አባቴ ግራ ተጋብቶ አየኝ።

«ሁለት ቀን ሙሉ እናትህ አስጥታታለች» አለኝ። «እንዳይወጣ ብለን ጠቅልለናታል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ፀሐዩን እንደ ገብስ ነው ያሰጡት። እህል ይሰጣል፣ ይደርቃል፣ ጎተራ ይገባል፣ ለክፉ ቀን ይወጣል። እነሱ ያላቸውን ነገር ሁሉ የሚያቆዩት እንዲህ ነው። እኔ ፀሐይ ስታገኝ ትሠራለች ብዬ ሄድኩ፤ ይህች ዕቃ ጎተራ የላትም ብዬ አልነገርኳቸውም። ጥፋቱ የአስተማሪው፣ የእኔ ነው።

ሻሹን ፈትቼ ሳንቃዋን ወደ ፀሐይ ዘረጋሁ። ሽቦው አንድ ክንድ ነው። ፀሐዩ ያለው ከሦስት እርምጃ በኋላ። እጄን የቻልኩትን ያህል ዘረጋሁ፤ አልደረሰም። መጮህ ይቻል ነበር፤ አልጮህኩም። ወደ ሽቦው አመለከትኩ፣ ወደ ፀሐዩ አመለከትኩ።

አባቴ ሽቦውን አየ። ጥላው የሚያልቅበትን መሬት አየ። ከዚያ ወዲያ የቆመችውን ሴት አየ። ዘንጉን ተመርኩዞ ተነሳ።

«የት ልትሄድ ነው? ሽማግሌ ከጥላ ይወጣል እንዴ?» አሉት ከጎኑ ያሉት ሽማግሌ፣ እጁን ይዘው።

አልሰማቸውም። ወይም እንዳልሰማ ሆነ። ወጣ። ፀሐዩ መሐል ከትጓደድ ፊት ለፊት ቆመና ሳንቃዋን ከእጄ ተቀብሎ ትከሻው ላይ አደረጋት። ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

«በይ ልጄ» አላት፣ «ከመጀመሪያው ንገሪኝ። አትጩሂ።»

ነገረችው። ባሏ ሲታመም ሦስት ቀን ሙሉ ወንድሜን ጥሩልኝ ብሎ እንደለመነ፣ ሰው እንደተላከ፣ አያሌው እንዳልመጣ። መጣሁ በሚልበት ቀን ባሏ መናገር አቁሞ እንደነበር፤ ውኃ ስታቀርብለት በዓይኑ ብቻ እሺ ይላት እንደነበር። ስታለቅስ ድምጿ ይበልጥ ይወርዳል። አባቴ አንድም ጊዜ ምን አልሽ አላላትም። በመካከል ደመና መጣ፤ እጁን አነሳና አስቆማት። ሰዉ ሁሉ ሽቅብ አየ። ደመናው እስኪያልፍ ያን ያህል ሕዝብ ዝም ብሎ ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም። ፀሐይ ስትመለስ «ቀጥዪ» አላት።

ስትጨርስ ወደ አያሌው ዞረ።

«ወንድምህ የነገረህ በየትኛው ቀን ነው?»

አያሌው ጮሆ ጀመረ። አባቴ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። «ቀስ በል፣ አመምከኝ» አለው። ሰዉ ሳቀ። አያሌው ሲጮህ ነገሩ ሁሉ ቦታ ነበረው፤ ዝግ ብሎ ሲናገር ግን ቃሉ አጠረበት። ማክሰኞ አለ፤ ከዚያ ረቡዕ መሰለኝ አለ።

«የመጣኸው ለቀብሩ ነው» አለው አባቴ። ጥያቄ አልነበረም።

«ለቀብሩ ነው» አለ አያሌው በመጨረሻ፣ ትጓደድ ከተናገረችበት ባነሰ ድምፅ።

ዞር ስል ሽማግሌዎቹ ሁሉ ከጥላው ወጥተዋል። መሪያቸው አባቴ ቆሞ እነሱ መቀመጥ ነውር ሆኖባቸው አንድ በአንድ መጥተው ፀሐዩ ላይ ተደርድረዋል፤ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው። መሬቱ ለትጓደድና ለልጆቿ ሆነ። አያሌው ከበሬዎቹ ጋር መጥቶ እንዲያርስላት ተወሰነ። ተሳሳሙ። ደስ ብሏቸው አልነበረም፤ ግን ተሳሳሙ።

ሰኞ፤ ቆሰበር

አባቴ በፈረስ ሸኘኝ። እናቴ አዲስ ሕግ አውጥታለች፤ ሳንቃዋን የጠቀለለ ከቤት ይወጣል። ደጃፉ ላይ ጠዋት ሁለት ሰዎች ሽምግልና ሊለምኑ ቆመው ነበር። «ነገ ፀሐይ ስትጠነክር ኑ» ብሏቸዋል።

ከዳንግላ የሚመጣው አውቶቡስ ረፋዱ ላይ ደረሰ። ሾፌሩ ያው የማክሰኞው ነው። በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«እንቁላሉ ተፈለፈለ?»

«አራቱም» አልኩት፣ አባቴን እያሳየሁ። አባቴ ትከሻውን ለፀሐዩ ሰጥቶ ከድንች ሻጯ ጋር ወሬ ይዟል። ከማያውቀው ሰው ጋር ወሬ ሲይዝ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው።

ዕቃዬ ተጫነ። አንድ እግሬ ደረጃው ላይ ነው። አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም አልኩ። ተመልሼ ፊቱ ቆምኩ።

«አባባ፣ ያን ጊዜ በሠርጉ ዳስ ሰው ፊት ስለጮህኩብዎት ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን አልክ?» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ደመና ገብቷል። የማይታመን ነገር ነው፤ ሙሉ ጠዋት ጠርቶ ውሎ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ተሳፋሪው በየመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ያየናል። ድምፄን ከፍ አድርጌ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።

አባቴ እጁን ወደ ሾፌሩ አነሳ። ጠብቅ ማለቱ ነው። ሾፌሩ ወደ አባቴ አየ፣ ወደ ሳንቃዋ አየ፣ ወደ ሰማይ አየና ሞተሩን አጠፋ። ከመቼ ወዲህ ሾፌር ለደመና ሞተር እንደሚያጠፋ አላውቅም። ቆምን። አባቴ እንደ ትናንቱ ዓይኑን ጨፈን አድርጓል።

የደመናው ጥላ በመንገዱ ላይ እየተሳበ ሄደ። መጀመሪያ ድንቹ ላይ፣ ከዚያ ፈረሱ ላይ፣ ከዚያ እኛ ላይ ፀሐይ ሆነ።

«አሁን ድገመው» አለኝ።

አውቶቡስ ሙሉ ሰው ፊት፣ ዝግ ብዬ ደገምኩት።

እጁን አንገቴ ላይ አደረገና ግንባሬን ወደ ግንባሩ አስጠጋ።

«ሰማሁ» አለኝ።